ፖስታ በፖስታ ውስጥ፦ ከሰቆጣ የሚነሣ የመረብ ዋሻ

ከሰቆጣ ተነሥቶ የዋግ ኽምራን ተራሮች በማቋረጥ ባሕር ዳር ሰነድ ማድረስ አድካሚ ጉዞ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ የተዘረጋው ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ይህን መሰል ድካም ለማቃለል ነበር። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ግን የውስጥ መረቦቻቸውን እንደ አንድ ለማያያዝ ቢሹ፣ በመካከላቸው «ዋሻ» መክፈት ይኖርባቸዋል።

ለዚህ አሮጌ የሊኑክስ ሰርቨር ይበቃል። ጂአርኢ የተሰኘው የዋሻ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ከርነል 2.2 ጀምሮ አብሮ አለ። ሞጁሉን መጫን፣ የሁለቱን ጫፎች አድራሻ መስጠት፣ በፋየርዎሉ ላይ ፕሮቶኮል ቁጥር 47ን መፍቀድ ነው። (የወደብ ቁጥር ፍለጋ የሚደክሙ አሉ፤ ጂአርኢ ወደብ የለውም።)

ችግሩ ዘግይቶ ይከሠታል። ፒንጉ ያልፋል፣ አጭሩ መልእክት ይደርሳል፣ ረጅሙ ሪፖርት ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ዋሻው እያንዳንዱን ጥቅል በሌላ ፖስታ ይከተዋልና! ውጫዊው ፖስታ 24 ባይት ስለሚወስድ፣ ከተለመደው 1,500 ባይት ለውስጠኛው የሚተርፈው 1,476 ነው። ከዚህ የሚበልጥና «እንዳትከፋፍሉኝ» የሚል ምልክት የያዘ ጥቅል ይጣላል፤ የመጣሉን ማስታወቂያ ፋየርዎል ካገደው ላኪው በከንቱ ደጋግሞ ይልካል። የቲሲፒ ክፍልፋዮች ከ1,436 ባይት እንዳይበልጡ በሰርቨሩ ላይ መገደብ መፍትሔ ይሆናል።

ደግሞም ይህ ፖስታ ያልታሸገ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። የሕሙማንን መዝገብ የሚልክ ጤና ጣቢያ ከርነል 2.6 ይዞት የመጣውን አይፒሴክ ሊደርብበት ይገባል። ያም ሆኖ ከርነሉ የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመ ቆይቶ ከሆነ፣ ቀዳዳው ሰርቨሩ ራሱ ነው።