ለእህት ልጅ የተፈረመ ፊርማ

ስለ ዕዳ ሊያማክሩኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሮዬ ከሚመጡ ወገኖች ብዙዎቹ ራሳቸው በተበደሩት አልተያዙም። የያዛቸው የሰው መኪና ነው። አዲስ የመጣ ዘመድ ክሬዲት የለውም፤ ኡበር ለመንዳት ደግሞ መኪና ያስፈልገዋል። አጎት ይጠራና ኮሳይን ያደርጋል፤ ዋስ ሆኖ አብሮ ይፈርማል ማለት ነው።

ሰሞኑን ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አንድ አባት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። የእህታቸው ልጅ ክፍያ አቁሞ መኪናው በሌሊት ተጎትቷል፤ በሐራጅ ተሸጦ ያልሸፈነው ቀሪ ዕዳ ደግሞ በእሳቸው ስም ተልኳል። "እኔ እኮ ዋስ ነኝ፤ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት እንጂ!" አሉኝ።

አገር ቤት ቢሆን የሚጠቅሱት ሕግ አለ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስ "በቅድሚያ የባለዕዳውን ንብረት ተከተሉ" ብሎ እንዲከራከር ይፈቅዳል፤ የዋስትናው ጣሪያ በገንዘብ ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም። ባንኮቻችን ውሉ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የምትለዋን ሐረግ እያስገቡ የመጀመሪያውን መብት ባዶ እንደሚያደርጉት ግን አልክድም። ቨርጂኒያም ቢሆን ዋስ አበዳሪውን "ሂድና ባለዕዳውን ክሰስ" ብሎ በጽሑፍ እንዲያስገድድ የሚፈቅድ ድንጋጌ አላት። እሱንም የብድር ውሎች በአንዲት አንቀጽ ያስተዉታል። በዚህስ ሁለቱ አገሮች ወንድማማች ናቸው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በበኩሉ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አበዳሪው ለኮሳይነሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል የሚል። አባትየው ባመጡት ፎልደር ውስጥ ወረቀቱ ነበር፣ ተፈርሞበት። ይህ የሸማች ጥበቃ ይባላል። ለእኔ ማስጠንቀቅና መጠበቅ አንድ ሆነው አያውቁም፤ በተለይ ማታ መኪና መሸጫ ቤት፣ ልጁ ቁልፉን ይዞ ቆሞ እየጠበቀ።

የሕግ አውጪዎች ዓይን ብዙውን ጊዜ ወለድ ላይ ነው። ቨርጂኒያ በታይትል ሎን (መኪና በሚያዝበት ብድር) ለመጀመሪያው 700 ዶላር በወር እስከ 22 በመቶ ትፈቅድ ነበር፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ለአነስተኛ ብድሮች በዓመት 36 በመቶና የተወሰነ ወርሃዊ ክፍያ ላይ ገድባዋለች። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ለኮሳይነር ግን ምንም አልጨመረለትም።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር ለሚበልጥ ዕዳ ዋስ መሆን የባልንም የሚስትንም ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ ቢያበላ ነው፤ የሕጉ መንፈስ ግን አልረከሰም።) አባትየው ብቻቸውን ነው የፈረሙት። ወይዘሮዋ የሰሙት ዕዳ ሰብሳቢው ቤት ሲደውል ነው። "እንኳን አልፈረሙ" ስላቸው ያሾፍኩባቸው መሰላቸው።

አላሾፍኩም። ቤታቸው ባልና ሚስት ሳይከፋፈል በአንድነት የያዙት ከሆነ፣ ከሁለቱ የአንዳቸው ብቻ ባለገንዘብ ሊነካው አይችልም። ሜሪላንድ ውስጥ በባልና ሚስት ስም የተገዛ ቤት እንዲህ እንደተያዘ ይገመታል፤ ቨርጂኒያ ግን ሰነዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ትፈልጋለች። የእነሱ ላይ ተጽፏል። ቢፋቱ ወይም አንዳቸው ቢሞቱ ነገሩ ይለወጣል እንጂ ለጊዜው ቤቱ አይነካም። አገር ቤት ጎጆን የሚጠብቀው የሁለቱ ፊርማ መፈለጉ ነው፤ እዚህ የሁለተኛው ፊርማ መቅረቱ።

የምቀናው በጀርመን ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ1993 እ.ኤ.አ. ትንሽ ገቢ ያላት የ21 ዓመት ልጅ ለአባቷ ብድር የገባችውን የ100,000 ማርክ ዋስትና አይቶ፣ ዳኞች ፊርማውን ብቻ ተመልክተው እንዳይፈርዱ አዘዘ። ለአባት የሚፈረም ፊርማ የንግድ ፊርማ እንዳልሆነ የገባው ፍርድ ቤት ነው።

አሜሪካ የተሻለች የምትሆነው ባንክራፕሲ (የኪሳራ ሕግ) ላይ ነው። አገር ቤት ነጋዴ ላልሆነ ሰው ይህ በር የለም። እዚህም ቢሆን የሚገቡበት በር ይለያያል። የእህት ልጅ ቻፕተር 7 ከገባ እሱ ነጻ ይወጣል፣ አበዳሪው አጎት ላይ ይዞራል። ቻፕተር 13 ከገባና ዕዳውን በክፍያ ዕቅዱ መሠረት ከከፈለ ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ ሕጉ ኮሳይነሩንም ይከልላል። ልጁ "ጓደኞቼ ሰባት ይሻላል ብለውኛል" ማለቱን ስሰማ ወደ ጠበቃ ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ብቅ እንዲል ለመንኳቸው።

ከለላው የሚሠራው ዕዳው የግል ወይም የቤተሰብ ሲሆን ብቻ ነው። መኪናው በዋናነት ለኡበር ከተገዛ አበዳሪው "የንግድ ዕዳ ነው" ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ ቀድሜ የጠየቅሁት ስለ ገቢው አልነበረም፤ መኪናውን ለምን እንደገዛው ነው።

"ለሥራም፣ እማዬን ሐኪም ቤት ለማመላለስም" አለኝ።

ባለፈው ዓመት ታክስ ላይ ለሥራ ነዳሁ ብሎ ያስመዘገበውን ማይል እንዲያመጣልኝ ነግሬ ሸኘሁት።