ሻይ ያልፈላበት ጠዋት፦ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን ፔርሙስ እንዴት ይጠብቃል?

ጎረቤታችሁ ያሉ አንዲት እማማ ብቻቸውን ይኖራሉ እንበል። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቡና ሲወቅጡ ይሰማችኋል። አንድ ቀን ግን ድምፁ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አሁንም ጭጭ። ምን ታደርጋላችሁ? ሄዳችሁ በራቸውን ታንኳኳላችሁ። ያስጨነቃችሁ የሰማችሁት ድምፅ አይደለም፤ መሰማት ሲገባው የቀረው ነው።

ይህንኑ ሐሳብ ጃፓኖች ወደ ዕቃ ቀይረውታል። በጃፓን ከመቶ ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት የሞላው ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንትም ብዙ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ሞተው ከቀናት በኋላ የሚገኙ ሰዎች ስላሉ፣ ለዚህ የሚሆን ቃል ሳይቀር አላቸው፦ ኮዶኩሺ፣ የብቸኝነት ሞት። በ2001 እ.ኤ.አ. ዞጂሩሺ የተባለው ኩባንያ አይ-ፖት የሚባል ውሃ የሚያፈላ የኤሌክትሪክ ፔርሙስ ይዞ መጣ። ሰውየው ለሻይ ውሃ ሲቀዳ፣ ውስጡ ያለው አስተላላፊ በሞባይል ኔትወርክ ምልክት ይልካል፤ ልጆቹም ሌላ ከተማ ሆነው በኢሜይል ያውቃሉ። ካሜራ የለም፣ የሚታሰር የሚለበስ ነገርም የለም። አባት ሻይ ጠጡ፣ በቃ።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። አባት ሻዩን ጠጥተው ወዲያው ቢወድቁ፣ ፔርሙሱ “ደህና ናቸው” ብሎ ነግሮናል። ወድቆ መነሳት ያቃተው ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም፤ ለብዙ ሰዓት መሬት ላይ ሲቆይ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፣ ይበርደዋል፣ የተጫነው ጡንቻ እየተጎዳ ኩላሊቱን ሊያውክ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ በዓመት 684,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ።

ስለዚህ መውደቁን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዴት? እስቲ ይህን ሞክሩ። የሃይላንድ ጠርሙስ ጎኑን ብሱና ውሃ ሙሉበት፤ ክዳኑን ክፈቱት፤ ውሃው ፊን ብሎ ይወጣል። አሁን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። አየር ላይ እያለ ውሃው መፍሰሱን ያቆማል! ጠርሙሱና ውሃው እኩል እየወደቁ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይጫንም።

የእጅ ሰዓትና ስልክ ውስጥ ያለው አክስለሮሜትርም እንዲሁ ነው። በጣም ቀጫጭን ስፕሪንጎች ላይ የተንጠለጠለች ደቃቅ ክብደት አለችው። ሰዓቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ክብደቷ ስፕሪንጉን ትጫናለች፤ ሲወድቅ ግን ጫናው ይጠፋል፣ ንባቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከአንድ ሜትር ከፍታ መውደቅ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ ከዚያ ወለሉን ሲመታ ንባቡ ያሻቅባል፣ ቀጥሎ ፀጥታ። ሦስቱ ሲከታተሉ “ሰው ወድቋል” ማለት ይሆናል።

ግን አልጋ ላይ ዘፍ ማለትም ይህን ሊመስል ይችላል። አንድ መሣሪያ በ1,000 ሰዓት አንዴ ብቻ ተሳሳተ እንበል። ጎበዝ ነው አይደል? ዓመት 8,760 ሰዓት ስላለው በዓመት ዘጠኝ ጊዜ ያህል በውሸት ይጮኻል። እማማ በዓመት አንዴ ቢወድቁ ከአሥሩ ጩኸት ዘጠኙ ውሸት ነው። “ተኩላ መጣ!” እያለ ሰፈሩን ያታለለውን እረኛ አስታውሱ፤ ልጆቻቸው አሥረኛውንም ችላ ሊሉት ይችላሉ። ለዚህ ነው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የአፕል ሰዓቶች መጀመሪያ ባለቤቱን የሚጠይቁት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ነው ራሳቸው እርዳታ የሚጠሩት።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አይ-ፖትን የሚመስል ፔርሙስ ለእማማ ብትሠሩ፣ መብራት የጠፋ ቀን ምን ይሆናል? ፔርሙሱ ዝም ይላል፤ ልጃቸው ደግሞ እማማ ታመዋል ብሎ ይደነግጣል። አንዱ መፍትሔ ትንሽ ባትሪ ጨምሮ፣ ውሃ ባይቀዳም በየሰዓቱ “እኔ አለሁ፣ መብራት ግን የለም” የሚል መልእክት እንዲልክ ማድረግ ነው። እናንተ ከዚህ የተሻለ ልታስቡ ትችላላችሁ። ስታስቡ ግን አንድ ነገር ዲዛይኑ ውስጥ አስገቡ፦ መልእክቱ ሲመጣ ማን ነው ቅርብ ሆኖ በራቸውን የሚያንኳኳው? ልጃቸው ሌላ ከተማ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ስልክ መደወል ያለበት ለጎረቤት ነው።