ጳጉሜን 6 የተወለደ ታካሚ

የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ የካርድ ክፍሉን ፎልደር፣ የሐኪሙን ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የመድኃኒት ማዘዣውን አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ክሊኒኮች «ሲስተም የለም» ሲባሉ የቆመው እሱ ነው። ስለ ሶፍትዌሩ የሚያወራ ሞልቷል። ሶፍትዌሩን ስለሚፈትነው መስፈርት ግን የሚያነሳ የለም፤ እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ሶፍትዌሩ ፈታኝ ፊት ቀርቦ መድኃኒት ያዝዛል፣ ለታካሚው የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ ያስጠነቅቃል፣ መዝገቡን ለሌላ ሲስተም ያስተላልፋል፤ ካለፈ ይመሰከርለታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለሐኪሞች ማበረታቻ ስትከፍል የተመሰከረለት ሶፍትዌር እንዲጠቀሙ ግዴታ አድርጋ ነበር።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተመሰከረለት ሁሉ ደህና ይመስላቸዋል። ኢክሊኒካልወርክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የ155 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት የፈረመው በዚህ ጉዳይ ነበር። የአገሩ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዳለው፣ ሶፍትዌሩ ማንኛውንም መድኃኒት ከመደበኛው የኮድ መዝገብ አውጥቶ ማሳየት ሲገባው፣ ኩባንያው ለፈተናው የሚያስፈልጉትን 16 ኮዶች ብቻ ጽፎበት አለፈ። ጥያቄው አስቀድሞ የታወቀ ፈተና መጨረሻው ይኸው ነው።

የእኛ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌላ አገር የወጣው ጥያቄ የእኛን ታካሚ አያውቀውም። ከስሙ እንጀምር። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለው ሶፍትዌር አያትን እዚያ ያስገባና አባትና ልጅን ባዕድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ፊደሉ ይመጣል። አንዱ ካርድ አውጪ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሲስተሙ የለም ይላል። የካ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ተቋም ተራ ስጠብቅ የሰማሁት ይህ ነው፦

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ካርድ ነበረዎት?»

«ኧረ ስንቴ መጥቻለሁ ልጄ!»

«ስምዎ አይመጣም። አዲስ ላውጣልዎት?»

ወጣላቸው። የፔኒሲሊን አለርጂ አሮጌው መዝገብ ላይ ተጽፎ ቢሆን፣ ሐኪሙ የሚከፍተው አዲሱን ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ለሆስፒታሎች ያወጣው የማሻሻያ መመሪያ ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥርና አንድ መዝገብ እንዲኖር አዟል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አቻ አድርጎ የማይፈልግ ሶፍትዌር ይህን ትእዛዝ በየቀኑ ያፈርሳል፤ በፈተናም ማንም አይጥለውም።

ቀኑ ይብሳል። መስከረም 1 ቀን 2016 የተወለደ ሕፃን በወረቀት 1/1/2016 ተብሎ ይጻፋል። ሲስተሙ እንደ ፈረንጅ ጃንዋሪ ከወሰደው ልጁ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያረጃል፤ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ የሚወሰደው ክትባት ገና ሳይጀመር ጊዜው አልፏል ይባላል። እህቱ ጳጉሜን ውስጥ ከተወለደችማ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ሳጥን አይቀበላትም፤ ካርድ አውጪዋም ነሐሴ 30 ብላ ትገላገላለች። ጳጉሜን 6 ደግሞ የሚመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ለምሳሌ በ2015። ያን ተከትሎ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ገባ። ሁልጊዜ በ11 ነው ብሎ የተጻፈ መቀየሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱን ቀን በአንድ ያዛንፋል። ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም፤ «2 ሰዓት» የተባለ መርፌ ጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ የማይለይ ሶፍትዌር ተኝቶ የሚታከም ሰው አጠገብ መድረስ የለበትም። የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም፤ ሚኒስቴሩ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለብሷል። ለክሊኒክ ባለቤቶች የምለው፣ ሻጩ የምስክር ወረቀቱን ሲዘረጋ ጳጉሜን 6 የተወለደች ፀሐይን መዝግብልኝ በሉት።

መዝገብ መጓዝም አለበት። እንጦጦ ማርያም ጸበል ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አሉ። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ወር ሁለት ወር ተራራው ላይ የሚከርም ሰው ክኒኑ ሲያልቅበት የመጣበት ሆስፒታል መዝገብ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊነበብ ይገባል። ፋየር የሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ደንብ ለዚህ ነው የተሠራው፤ ካርዱን ይዞ የሚመጣው ግን አሁንም ታካሚው ራሱ ነው።

መስፈርት የማያድነው ነገርም አለ። የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ጥሩ ሶፍትዌርም ማን፣ መቼ፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ ይጽፋል። እናንተ የክሊኒክ ባለቤቶች ግን የአንዷን ሲስተር የይለፍ ቃል ሞኒተሩ ላይ ለጥፋችሁ ፈረቃው ሁሉ በሷ ስም ይገባል። በመዝገቡ መሠረት እሷ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ናት፣ ጠዋትም ተረኛ ናት፣ ዓመት ፈቃድ ወጥታም መድኃኒት ታድላለች።