ኪንታሮትን በዓይን መለየት እስከ ምን ድረስ?
የፊንጢጣ ኪንታሮትን መልኩን አይቶ ዓይነቱን መለየት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ መልኩን ብቻ አይቶ ሌላ በሽታ የለም ማለት ግን አይቻልም። ከፊንጢጣ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለቱን ዓይነቶች የሚለይ ድንበር አለ። ከድንበሩ በታች ያለው የውጭ ኪንታሮት ቆዳ የለበሰ ነው፤ ደም ሲረጋበት ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ያደላና በድንገት ክፉኛ የሚያም ጠንካራ እብጠት ይሆናል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለሙ ላይጎላ ስለሚችል ከቀለሙ ይልቅ ጥንካሬውንና ሕመሙን ማመን ይሻላል። ከድንበሩ በላይ ያለው የውስጥ ኪንታሮት ደግሞ እርጥብና ቀላ ያለ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሳያምም ይደማል። በ4 ደረጃ ይከፈላል፦ የመጀመሪያው ወደ ውጭ አይወጣም፤ ሁለተኛው በማማጥ ጊዜ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል፤ ሦስተኛው በጣት ካልተገፋ አይመለስም፤ አራተኛው ተገፍቶም አይገባም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ማንም በመስታወት አያየውም።

«ደሙ ደማቅ ቀይ ከሆነ ኪንታሮት ነው፣ ምርመራ ለምን?» የሚሉ አሉ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ነገር ግን የፊንጢጣ መሰንጠቅም ሆነ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ካንሰር እንዲሁ ደማቅ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ኪንታሮት መኖሩም ካንሰርን አያስቀርም። ስለዚህ የሚደጋገም መድማት፣ የሰገራ ልማድ መለወጥ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ እብጠቱን በዓይኑ ቢያይም እንኳ፣ ሐኪም ውስጡን ሊመረምርለት ይገባል።