የሰብሳቢው መታሰቢያና ያልተጻፉት ተራኪዎች



በምዕራብ አየርላንድ፣ በሮስኮመን አውራጃ፣ ፍሬንችፓርክ አጠገብ አንዲት አነስተኛ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ዛሬ የአምልኮ ስፍራ መሆኗ ቀርቶ የዳግላስ ሃይድ መታሰቢያ ማዕከል ሆናለች፤ መቃብሩም በቅጥር ግቢዋ ነው። ሃይድ በአይሪሽ ቋንቋ የጻፈ ደራሲ፣ የሥነ ቃል ሰብሳቢና ከ1938 እስከ 1945 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። ለመሆኑ ይህ መታሰቢያ የሚዘክረው እርሱን ብቻ ነውን?

በ1860 የተወለደው ሃይድ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረ ቄስ ልጅ ነው። የቤተሰቡ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። አይሪሽን የተማረው ከአካባቢው ድሆች፣ በተለይም ሼመስ ሃርት ከተባለ የአደን ስፍራ ጠባቂ ነው። የቋንቋውን የአጻጻፍ ሥርዓት ገና ስላላወቀ፣ የሰማውን ቃል በእንግሊዝኛ ንባብ ስልት በማስታወሻው ይከትብ ነበር።

ዘመኑ ግን ይሮጥ ነበር። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ የአይሪሽ ተናጋሪዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ1891 ወደ 680 ሺህ ወረዱ። ረኃብና ስደት ተናጋሪዎቹን አመናመነ፤ የቀሩትም ወላጆች ለልጆቻቸው እንጀራ ያስገኛል ብለው እንግሊዝኛን መረጡ። ቋንቋው ከቤት ሲወጣ ተረቱም አብሮት ወጣ።

ሃይድ በ1890 «ከእሳቱ ዳር» የተሰኘውን የተረት መድበል አሳተመ። በመቅድሙም ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰብሳቢዎች ነቀፈ፤ ተረቱን ከማን እንደሰሙ አልገለጹም፣ የተራኪውንም ቃል በራሳቸው ቃል ለውጠዋልና። ስለዚህ እርሱ ከተረቶቹ ከፊሉን በአይሪሽ፣ ከትርጉሙ ጋር ጎን ለጎን አቀረበ። በልጅነቱ የሰማቸው ብዙ ተረቶች ግን፣ ዋጋቸውን ተረድቶ ሲመለስላቸው ጠፍተው እንደቆዩት በዚያው መቅድም ጽፏል።

በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ሥነ ቃል ኮሚሽን ሰብሳቢዎች የተራኪውን ስም፣ ዕድሜና መኖሪያ መመዝገብን የሥራቸው ወግ አደረጉት። ይህ የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ስሙ ያልተጻፈ ተራኪ ከባለቤትነት ወደ ጥሬ ዕቃነት ይወርዳል፤ ስሙ የተጻፈ ግን ከሰብሳቢው እኩል ደራሲ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ በፍሬንችፓርክ ያለው መቃብር የአንድ ሰው ቢሆንም፣ መታሰቢያው ግን የሁለት ወገን ነው፤ የጻፈውም የተናገሩትም። ሥነ ቃል ለመሰብሰብ የምትወጡ ተማሪዎችም ከመጀመሪያው ተረት በፊት የተራኪውን ስም ጻፉ።