ስለ ቆርቆሮ አይሮፕላንና ስለ ሠሪው ስም

ሰው በአባቱ ስም እንደሚታወቅ፣ ዕቃም በሠሪው ስም ይታወቃል። የሠሪው ስም የጠፋበት ዕቃ ግን ምስክሩ እንደ ሞተበት ርስት ነው።

ለዳኝነት ጉዳይ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ወርደን ሳለ፣ ያሳደሩን ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱትን አንድ የቆርቆሮ አይሮፕላን አሳዩን። ይኸውም ሞላው ሲጠመዘዝ በመንኰራኵሩ የሚሄድ የልጆች መጫወቻ ነው። ደግዋ ባለቤታቸው እንግዳ መጣ ብለው በአመድ አሽተው አብለጭልጨውት ነበር። እኛም የሠሪውን ምልክት ብንፈልግ፣ በክንፉ ሥር «ጃፓን» ከሚለው ቃል በቀር ሌላው ሁሉ ተፍቆ አገኘነው። ሽማግሌውም «አባቴ በየትኛው ዘመን እንደ ገዙት በዚያ ምልክት ይታወቅ ነበርን?» ብለው ጠየቁን። አዎን ማለት አሳዘነን።

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ምልክቱን እንደ ማኅተም ያነቡታል። ኢ፣ ፒ፣ ኤል የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉበት፣ በጀርመን አገር በብራንደንቡርግ ከተማ በ1881 በፈረንጅ አቆጣጠር የተመሠረተው የሌማን ፋብሪካ ሥራ ነው። ቲ፣ ሲ፣ ኦ የሚለው የኑረምበርጉ የቲፕ ኩባንያ ነው። በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ቲ እና ኤን ቢገኙ የቶኪዮው ኖሙራ ነው። ዘመኑም ከአገሩ ስም ይታወቃል፤ «በጦር በተያዘችው ጃፓን ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 በፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

ይህ ለመጫወቻ ብቻ የሚነገር አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ በአዲስ አበባ የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው «ፀሐይ» የተባለች አይሮፕላን በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ብዙ ዓመት በሙዚየም ቆመች። ነገር ግን ስሟና የሠሪዎቿ ታሪክ ስላልጠፋ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በይፋ ተመልሳ ተሰጠች።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በሣጥናችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢገኝ በአመድም በአሸዋም አታሹት፤ አዲስ ቀለምም አትቀቡት። አቧራውን በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ከክንፉ ሥርና ከጅራቱ ላይ ያለውን ፊደል በወረቀት ገልብጡ፤ ማን እንደ ገዛውና ለማን እንደ ሰጠውም ጨምራችሁ ጻፉ።

እኛም ሽማግሌው ስለ አባታቸው የሚያስታውሱትን በቃላቸው ተቀብለን ጻፍንላቸው። ወረቀቱንም ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው አጥፈው ከአይሮፕላኑ ጋራ በሣጥን አኖሩት።