የቤት ውስጥ የአካል ብቃት መሣሪያ አመራረጥና አጠቃቀም፦ ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በከተሞች ለእግር ጉዞ የሚመች ቦታ እየጠበበ፣ በቢሮ ወንበር ላይና በትራንስፖርት የሚያልፈው ሰዓትም እየረዘመ በመምጣቱ የአካል ብቃት እንቅስቃሴን በቤታቸው ለመሥራት የሚፈልጉ ዜጎች ተበራክተዋል። ይህ የሚበረታታ ፍላጎት ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ገንዘብ ወጥቶባቸው የተገዙ የመሮጫ ማሽኖችና የቤት ውስጥ ብስክሌቶች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልብስ መስቀያ ሆነው ሲቀሩ ማየት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ምክንያት የሚሆነው የተጠቃሚው ስንፍና ሳይሆን የግዢው ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ማሽኑ አስቀድሞ ይገዛል፤ የገዢው የጤና ሁኔታ፣ የቤቱ ስፋትና የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ግን ኋላ ይታሰባሉ።

ለልብና ለሳንባ ብቃት የሚሠራ እንቅስቃሴ (ካርዲዮ) የሚባለው እንደ እግርና ዳሌ ያሉትን ትላልቅ ጡንቻዎች ሳያቋርጡ በማንቀሳቀስ የልብ ምትንና ትንፋሽን ለተወሰነ ጊዜ ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ ይኖርበታል። ቀደም ሲል እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ማነስ የለበትም የሚል ምክር ይሰጥ ነበር፤ በአዲሱ መመሪያ ይህ ገደብ ቀርቷል። አምስት ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል።

ከዚህ የሚነሳ አንድ ተግባራዊ ስሌት አለ። ከቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታም 20 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሠራተኛ በአምስት የሥራ ቀናት 200 ደቂቃ እንቅስቃሴ አድርጓል። ይህ ሰው የሚመከረውን መጠን ያለ ምንም መሣሪያ አሟልቷል፤ በማሽን ላይ የሚያወጣውን ገንዘብ ለጥሩ ጫማ ቢያውለው የበለጠ ይጠቀማል። መሣሪያ በይበልጥ የሚያስፈልገው ከቤት ለመውጣት ለማይመቸው ነው፤ ለምሳሌ ሕፃን ለምትንከባከብ እናት፣ ሥራው ከጨለመ በኋላ ለሚያበቃ ሰው፣ መንገዱ ለመውደቅ ለሚያሰጋው አረጋዊ ወይም በክረምት ዝናብ ልማዱ ለሚቋረጥበት ሰው።

ከመሣሪያው በፊት የሚቀድመው ምርመራ

ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ሳያደርግ የቆየና ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ እንዲሁም የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ይገባዋል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያሳይ ጤነኛ ነኝ ብሎ ማሰብ በመለካት የሚገኘውን ማረጋገጫ አይተካም። በዕረፍት ላይ ተለክቶ 180/110 እና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት ያለበት ሰው በሐኪም ታይቶ ሕክምና ሳይጀምር እንቅስቃሴ መጀመር የለበትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

ወጣትነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከሰተው የሩማቲክ የልብ ሕመም በሀገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ሕፃናትንና ወጣቶችን ነው። በልጅነቱ የልብ ሕመም አለብህ የተባለ፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወስድ የነበረ ወይም ትንሽ ሲሮጥ ራሱን የሚስት ወጣት የልብ ምርመራ ሳያደርግ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሠራ አይመከርም።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በእንቅስቃሴ ጊዜና ከዚያም በኋላ ባሉት ሰዓታት የደማቸው ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መለኪያ ያላቸው ከመጀመራቸው በፊት ይለኩ፤ ውጤቱ ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ጥቂት ምግብ መቅመስ ያስፈልጋል። መለኪያ የሌላቸውም ቢሆኑ ስኳር ወይም ከረሜላ በእጃቸው መያዝ አለባቸው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። የእግር ስሜት የመቀነስ ችግር ያለባቸው ሕሙማን በቤታቸውም ቢሆን በባዶ እግር እንቅስቃሴ መሥራት የለባቸውም፤ ሲጨርሱም ጫማቸውን አውልቀው እግራቸው አለመቁሰሉን ማየት ይኖርባቸዋል። በጾም ወቅት በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማን የመድኃኒትና የእንቅስቃሴ ሰዓታቸውን ከጾሙ በፊት ከሐኪማቸው ጋር መወሰን ያስፈልጋቸዋል።

የትኛው መሣሪያ ለማን?

የመዝለያ ገመድ ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ነው። ሆኖም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ በመሆኑ ለጀማሪ አይቀልም። ተስማሚ ርዝመቱን ለማወቅ የገመዱን መሀል ረግጦ ሁለቱን መያዣዎች ወደ ላይ መሳብ ይበቃል፤ ብብት አካባቢ ከደረሱ ልኩ ነው። ከፍ ብሎ መዝለል አያስፈልግም፤ እግር ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተነሳ ገመዱ ያልፋል። የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመም ላለባቸው፣ የሰውነት ክብደታቸው ለበዛና ለነፍሰ ጡሮች ገመድ አይመረጥም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውና የማይንሸራተት መውጫ ሣጥን (ስቴፕ) ወይም የሕንፃው ደረጃ ለእነዚህ ሰዎች የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበት የሚያምመው ሰው ግን ደረጃ ሲወርድ ሕመሙ የሚብስበት ከሆነ ይህንንም መተው ይገባዋል።

ከማሽኖች መካከል ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማው የቤት ውስጥ ብስክሌት ነው። ቦታ አይፈጅም፤ ጉልበትን አያንገጫግጭም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። በማግኔት የሚሠሩት ብዙዎቹ ቀላል ዓይነቶች የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልጉም፤ የቁጥር ማሳያቸው ብቻ በባትሪ ይሠራል። ስለዚህ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት እንቅስቃሴው አይቋረጥም። የጀርባ ሕመም ላለባቸውና ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ለሚቸገሩ አረጋውያን መደገፊያ ወንበር ያለው ዓይነት ይመረጣል። የመቀመጫው ከፍታ በትክክል ካልተስተካከለ ግን ብስክሌቱ ራሱ የጉልበት ሕመም ያመጣል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ መታጠፍ አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ መቀመጫው ከፍ ብሏል፤ በጣም ከታጠፈ ደግሞ ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

የመሮጫ ማሽን (ትሬድሚል) ብዙ ሰው የሚመኘው፣ ብዙ ጥንቃቄም የሚጠይቀው መሣሪያ ነው። ለእርምጃ ብቻ የሚፈልገው ሰው 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምንጣፍ ይበቃዋል፤ ለመሮጥ ግን ቁመቱ ረዘም ላለ ሰው 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የሞተሩ ጉልበት ሲጠየቅ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ለአፍታ የሚያወጣውን ከፍተኛ ኃይል ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ማሽኑ የሚሸከመው የሰው ክብደትም በቤቱ ውስጥ ካለው ከባዱ ሰው ክብደት በልጦ መገኘት አለበት። ኤሊፕቲካል የተባለው ማሽን ጉልበትን ሳይጎዳ እጅንም እግርንም ያሠራል፤ ነገር ግን ግዙፍ ነው። የቀዘፋ ማሽን ጀርባንና እግርን አብሮ ቢያጠነክርም አሠራሩን በትክክል ላልተማረ ሰው ወገብ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ያገለገለ ማሽን መግዛት ነውር የለውም፤ ገንዘብም ይቆጥባል። ገዢው ግን ማሽኑን ለሁለት ደቂቃ ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከላዩ ላይ ተራምዶ ምንጣፉ እንደማይንሸራተት፣ ሞተሩ የተቃጠለ ሽታ እንደማያወጣና የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፉ እንደሚሠራ ማረጋገጥ አለበት። መለዋወጫ የማይገኝለትን ዓይነት መተው ይሻላል። አዲስ ሲገዛ ሕጋዊ ደረሰኝና በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና መቀበል ኋላ ለሚነሳ አቤቱታ መሠረት ይሆናል።

የኤሌክትሪክ አቅርቦትና የቤቱ ሁኔታ

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖች ለቤተሰባቸው የሚልኩት ማሽን ብዙ ጊዜ ሳይጤን ይሰካል። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የመሮጫ ማሽን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በትራንስፎርመር ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ማሽኑ ከ1,500 ዋት በላይ ሊስብ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ለራዲዮ ወይም ለስልክ የሚሆን ትንሽ ትራንስፎርመር አይችለውም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን እንደማይቀይርም መታወቅ ይኖርበታል። ማሽኑ ከመላኩ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሳየት የሚያስወጣው ነገር የለም።

የመሮጫ ማሽን ከምድር ጋር በተገናኘ የግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻውን መሰካት ይኖርበታል። ከምጣድ ወይም ከውኃ ማሞቂያ ጋር በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ መሰካት ገመዱን ያግለዋል። መብራት ሲጠፋ ምንጣፉ በድንገት ስለሚቆም ተጠቃሚው መያዣውን ጨብጦ ሚዛኑን ከጠበቀ በኋላ መውረድና ሶኬቱን መንቀል አለበት።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከማሽኑ ሥር ማንጠፍ ድምፁን ይቀንሳል፤ በጠዋትና በሌሊት ከመሮጥና ገመድ ከመዝለል ይልቅ ብስክሌት መጠቀም ደግሞ ከጎረቤት ጋር ያስማማል። ከመሮጫ ማሽን በስተኋላ ቢያንስ 2 ሜትር ባዶ ቦታ መተው የግድ ነው። ግድግዳ አጠገብ የተተከለ ማሽን የወደቀን ሰው በግድግዳውና በሚሽከረከረው ምንጣፍ መካከል ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ለሕፃናት ነው። በሥራ ላይ ያለ ምንጣፍ የሕፃንን እጅ ስቦ ቆዳውን በግጭት ያቃጥላል፤ የብስክሌት ሰንሰለትና መዘውርም ጣት ይቆርጣል። ስለሆነም የማቆሚያ ቁልፉ ከማሽኑ ተነቅሎ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሶኬቱም ይነቀል። ሕፃን ባለበት ክፍል ጀርባን ለበሩ ሰጥቶ መሮጥ አይገባም።

አጠቃቀም

ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 10 ደቂቃ ቢሠራና ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ቢጨምር ልማዱ ይጸናል። በመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ሮጦ ለሦስት ቀን መራመድ የተሳነው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ማሽኑ አይመለስም። በየጊዜው የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች በቀስታ ማሟሟቅ፣ የመጨረሻዎቹንም 5 ደቂቃዎች ፍጥነትን እየቀነሱ መጨረስ ያስፈልጋል። በድንገት ማቆም ደም በእግር ውስጥ እንዲቀር ስለሚያደርግ ማዞርና ራስን መሳት ያስከትላል።

የእንቅስቃሴውን መጠን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ንግግር ነው። እየሠራ መነጋገር የሚችል ነገር ግን መዝፈን የማይችል ሰው በመካከለኛ መጠን ላይ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ መውሰድ የሚገደደው ጠንከር ወዳለው ገብቷል። በልብ ምት መለካት ለሚፈልግ ደግሞ ዕድሜን ከ220 መቀነስ የተለመደ ግምት ነው። የ50 ዓመት ሰው ከፍተኛ የልብ ምት 170 ገደማ ሲሆን ለመካከለኛ እንቅስቃሴ ከዚህ ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ማለትም በደቂቃ ከ85 እስከ 119 ይሆናል። እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሕሙማን ግን ይህን ስሌት መከተል የለባቸውም፤ መድኃኒቱ የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርግ ቁጥሩን ለማግኘት ሲሉ ከአቅማቸው በላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ለእነሱ የንግግሩ መለኪያ ይበቃል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ከቆላ አካባቢ ወይም ከውጭ ሀገር አዲስ የገባ ሰው በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።

በማሽን ላይ እየተራመዱ መያዣውን አጥብቆ መደገፍ የእንቅስቃሴውን ድካም ስለሚቀንስ ከእርምጃው የሚገኘውን ጥቅም ያሳንሳል። ፍጥነቱን ቀንሶ እጅን ነፃ ማድረግ ይመረጣል፤ ሚዛን ለመጠበቅ ለሚቸገር ሰው ግን መያዣው አስፈላጊ ነው። የማቆሚያው ቁልፍ ክር ሁልጊዜ ከልብስ ጋር መያያዝ አለበት። ማሳያው ላይ የሚታየው የካሎሪ ቁጥር ግምት ብቻ ስለሆነ በእሱ ተማምኖ የምግብ መጠን መጨመር አይገባም።

የመሮጫ ምንጣፍ ሥር የሚቀባው አምራቹ የሚያዝዘው የሲሊከን ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ወይም የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ምንጣፉን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል። የብስክሌቱ ፔዳልና የመቀመጫው ብሎኖች በየወሩ መጥበቃቸው ይታይ፤ ላብም ብረቱን ስለሚያዝገው ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ የደረት መጨምደድ ወይም ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሰራጭ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተሰማ ወዲያውኑ አቁሞ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሕመሙ በዕረፍት ካልተወ በራስ መኪና እየነዱ ወደ ሆስፒታል መሄድ አይገባም፤ በ907 ደውሎ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ መጥራት ይቻላል። በሚደወልበት ጊዜ የሰፈሩን ስም፣ የቤት ቁጥሩን ወይም የሕንፃውን መለያና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታ መናገር አምቡላንሱ ቶሎ እንዲደርስ ይረዳል።